ለደረሳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ

ውድ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ተመስገን ነው። በምርኩዝም ቢሆን እየተራመድኩ ነው። የደረሰብኝን ሰምታችኋል፤ አልደግመውም። ስትሮክ ለጠላትም አይምጣ።

በመጀመሪያ አንዲት እህቴን ላመስግን። ስሜን እንዳትጠራ ብላኛለች። ሳምንታዊውን አስቂኝ ድራማችንን አብራኝ የምትጽፍ ልጅ ናት። ሃያ ዓመት በቃል እንጀራ የበላሁ ሰው ቃል ጠፋብኝ። የሚሉኝ ይገባኛል፤ አፌ ግን እሺ አይለኝም። እሷ ከቀረጻ ስትወጣ ሁለት ታክሲ ይዛ ሆስፒታል ትመጣለች። የድሮ ጽሑፎቼን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነባለች። የሚያስቀው ቦታ ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች። «ጋሼ፣ ያንተ ተራ ነው።»

ስምንት ማታ ሙሉ መልስ መስጠት አቃተኝ። በዘጠነኛው የአከራይዋንና የተከራዩን ጭውውት አነበበች። «ኪራዩን መቼ ነው የምትከፍለው?» አለች፣ በአከራይዋ ድምፅ።

«እትዬ...» አልኩ። ጠበቀችኝ። ላብ አጠመቀኝ። «እትዬ... ባለፈው ወር ነግሬዎት የለ እንዴ!»

ሳቀች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። አጠገቤ የተኙት አባት ሳይቀሩ ሳቁ። እህቴ፣ ውለታሽን በምን እከፍላለሁ? ይህን ስጽፍም እንባዬ እየቀደመኝ ነው።

የጥቁር አንበሳ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፊዚዮቴራፒስቶች፣ እጃችሁ ይባረክ። ተዋንያን፣ የካሜራ፣ የመብራትና የድምፅ ባለሙያዎች፣ አንድም ሳምንት ሳታስተጓጉሉ ሥራውን ስላስቀጠላችሁ ክብረት ይስጥልኝ። እድርተኞች፣ ከዲሲ እስከ ዱባይ ያላችሁ ወገኖች፣ በየእምነታችሁ የጸለያችሁልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። በበዓል ኮሜዲያኖቹ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ ሲቀርቡ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለን እናይ ነበር። ሰው እንዲህ የሚያስቅ ነገር መጻፍ የተመኘሁት እዚያ መስኮት ላይ ነው። የዚያ ቤት እመቤት ዛሬ አርጅተዋል። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ አጥሚት በፔርሙዝ ቋጥረው ሆስፒታል ድረስ መጡልኝ። እማማ፣ ያኔም በሩን ከፍተው «ግቡ» ይሉን ነበር። ዕድሜ ይስጥልኝ።

ባለቤቴ፣ ላንቺ የሚሆን ቃል ገና አልተመለሰልኝም።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። ረስቼ እንጂ ንቄ አይደለም፤ ይቅር በሉኝ። ሐሙስ የድራማችን ንባብ አለን። እመጣለሁ።