ጉዳዩ፦ «ማክሰኞ ይደርሳሉ» ተብለው ስላልተነኩ ሦስት ኮምፒውተሮች

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ድረ ገጽ እንዲከፍቱና ቪዲዮ ሳይቆራረጥ እንዲያሳዩ ለጥገና የሰጠኋችሁን የሦስቱን ኮምፒውተሮች ነገር ከመነሻው አልደግመውም። መዝገቡ እናንተው ጋ ነው። ከደብረ ሲና ስድስት ጊዜ እንደተመላለስኩም ታውቃላችሁ። አምስቱን ችዬው ነበር። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያለፈው ማክሰኞ ነው።

እሑድ ማታ ለጥገና ባለሙያችሁ ደወልኩ። የመለሰልኝን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። «እትዬ፣ ምንም አያስቡ። ማክሰኞ በ8 ሰዓት ይምጡ። ሦስቱም ዩቲዩብ ተከፍቶባቸው ይጠብቁዎታል።» ዝም ብዬ አላመንኩትም። «እርግጠኛ ነህ? መንገዱ ሩቅ ነው» አልኩት። «በእኔ ይሁንብዎ» አለኝ።

ማክሰኞ የከሰዓት ክፍለ ጊዜዬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ተነሳሁ። ዕቃ የሚያግዘኝ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪዬን ይዣለሁ። ጣርማ በር አቀበት ላይ ጉሙ ወርዶ ሚኒባሱ መብራት አብርቶ ይድህ ነበር። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ መንገድ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀን። ቢሆንም 8 ሰዓት ሳይሞላ በራችሁ ላይ ደርሰናል። በሩ ተዘግቷል። ስልክ አይነሳም። የደብረ ብርሃንን ንፋስ ለእናንተ አልነግራችሁም። እስከ 9 ሰዓት ተኩል በረንዳው ላይ ቆምን።

ባለሙያው መጣ። ሰላምታ የለም። ጎንበስ ብሎ ዕቃዎቹን ከጠረጴዛው ሥር ጎተታቸው። ሁለቱ አቧራ ለብሰዋል። ሦስተኛው አሁንም ባመጣሁበት ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። የሲባጎውን ቋጠሮ አውቀዋለሁ። ቋጠሮዬ ከ23 ቀን በኋላም አልተፈታም። እሑድ ማታ «ዩቲዩብ ተከፍቶበት ይጠብቅዎታል» የተባለልኝ ኮምፒውተር ይኼ ነው።

ምን እንደሆነ ብጠይቀው መልስ አልሰጠኝም። አንደኛውን ሰክቶ አበራው። ድረ ገጽ መክፈቻውን ክሮምን ከፈተ። «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚል ጽሑፍ መጣ። «ኔትዎርክ ነው» አለኝ። ያው የእናንተው ዋይፋይ በተማሪዬ ስልክ ላይ ይሠራል። ይህንኑ አሳየሁት። ያን ጊዜ ነው እንዲህ ያለኝ፦ «እርስዎ አይገባዎትም። ይሄ ብረት ነው። ቪዲዮ ማየት ካማረዎት ስልክ ይግዙ።»

ሁለት ደንበኞች ቆመው ይሰሙ ነበር። አንዱ ሳቀ። ተማሪዬ አንገቱን ደፋ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣችም። ካማረዎት!

አምሮኝ አይደለም። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ይሰጣል። የእኔ ልጆች ማውስ ሳይዙ እዚያ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ አልፈልግም። የሒሳብ ማረጋገጫ ትምህርቱንም በቪዲዮ ደጋግመው እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ከእነርሱ የአንዷ እናት መንገድ ዳር ለተሳፋሪ ቆሎ ትሸጣለች። ለልጇ ስልክ የምትገዛበት ገንዘብ የላትም። ኮምፒውተሮቹን ያሰባሰብኩት ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች ነው።

«አይገባዎትም» የተባልኩትን ደግሞ እንዲህ ተረዳሁት። ዕቃዎቹን ተሸክመን ተመለስን። ያ አንገቱን የደፋው ልጅ ማታውኑ አንዱን ፈታው። የኮምፒውተሩ ቀን በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ቀን 2011 ይላል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን ለማስረዳት የሚያሳዩት የምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደኋላ የቀረ ኮምፒውተር የዛሬውን ምስክር ወረቀት ገና ያልጀመረ አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ አይከፍትም። ችግሩ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው፣ ሰዓቱን የምትጠብቀው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ማለቋ ነው፤ ሲአር2032 ትባላለች። ቀይረን ቀኑን አስተካከልን። ገጹ ተከፈተ። ኔትዎርክ አልነበረም።

ለ«ብሮውዘር ማሻሻያ»፣ ክሮምን ለማደስ ማለት ነው፣ የከፈልኩት ነገርም አለ። ሦስቱም ላይ ያለው ዊንዶውስ 7 ነው። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው በጃንዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. ነው። በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም 109ኛው ነው፤ ከ110ኛው ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ይጠይቃል። ይህ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የታወቀ ነው። ታዲያ በዚያው ዊንዶውስ ላይ ምኑን አሻሻላችሁልኝ? አይቻልም ብትሉኝ እኮ ገንዘቤን ይዤ እመለስ ነበር።

ቪዲዮው የሚቆራረጥበትም ምክንያት አለው። ዩቲዩብ አሁን ብዙውን ቪዲዮ የሚልከው ቪፒ9 እና ኤቪ1 በሚባሉ የቪዲዮ አጨማመቆች ነው። የእኔዎቹ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ3 ናቸው፤ የ2011 እ.ኤ.አ. ዕቃ። ግራፊክሳቸው የሚያውቀው የቀድሞውን አጨማመቅ፣ ኤች.264ን ነው። አዲሶቹን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ሲታገል ይሞቃል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ምስሉ ይዘላል። ልጁ በዊንዶውስ ምትክ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ ጫነ፤ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለውን። እንደ ክሮም ድረ ገጽ የሚከፍተው ፋየርፎክስ ከነማሻሻያው አብሮት መጣ። ኤች264ኢፋይ የምትባል ትንሽ ተጨማሪ ጨመረበት። እሷ ዩቲዩብ የቀድሞውን ዓይነት እንዲልክ ታደርገዋለች። ጥራቱን 480 ላይ አደረግነው። ቪዲዮው ሳይቆራረጥ ሄደ። ለፕሮግራሞቹ አንድ ብር አልከፈልንም። «ብረት» የተባለው ዕቃ ሁለት ማታ ብቻ ነው የፈለገው።

ሆኖም ከሦስቱ አንዱ አሁንም ይንቀራፈፋል። ሁለት ገጽ ከተከፈተበት ይቆማል። ምክንያቱን ያየነው ባትሪውን ልንቀይር ስንከፍተው ነው። እኔ ስሰጣችሁ ሁለት ባለ 2 ጊጋ ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታ) ነበረው። አሁን አንድ ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። ማን እንዳወጣው አላየሁምና ማንንም በስም አልከስም። ግን የወጣው እናንተ ቤት ነው። ሊኑክስ ሚንት በ2 ጊጋ ይነሳል እንጂ ለሥራ የሚመከረው 4 ጊጋ ነው። ያቺ አንዲት ራም ለእኔ የአንድ ተማሪ ወንበር ናት።

ከተጻፈ አይቀር ሌላውንም ልጻፈው። በመስከረም አንዱን ፎርማት ስታደርጉ የዘጠኝ ዓመት የፈተና ጥያቄዎቼን ሳትጠይቁኝ አጥፍታችኋል። ያን ጊዜ ዝም አልኩ። በጥር የኃይል ገመዴ በሌላ ተለውጦ መጣ፤ እሱም ሲነኩት ይቋረጣል። ለዓመት የሚሠራ አንቲቫይረስ ብላችሁ አስከፈላችሁኝ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን የለም። ለሦስቱ 4,500 ብር ከፍዬ የተሰጠኝ ማኅተም የሌለው ብጣሽ ወረቀት ነው። ደረሰኝ በጠየቅኩ ቁጥር ማሽኑ ተበላሽቷል ይባላል።

የምጠይቀው ይኼ ነው። ራሜ ይመለስ። 4,500 ብሬም ሙሉውን ይመለስ፤ የተሠራ ሥራ የለምና። መጀመሪያ ስጽፍ እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበትን ጥያቄ ሳስብ ግን አልቻልኩም። የስድስት ጊዜ የትራንስፖርት ወጪዬንም እጠይቃለሁ። ባለሙያው ደግሞ ይቅርታ ይጠይቅ። ለእኔ ቢቀር ግድ የለም፣ አስተማሪው ስትዋረድ ቆሞ ያየውን ልጅ ግን ይቅርታ ይበለው። በስልክ አልቀበልም።

እስከ መጪው ዓርብ መልስ ካላገኘሁ ወደ ዞኑ ንግድ መምሪያ እሄዳለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትህትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ከስድብም እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ብጣሹን ወረቀት፣ የባዶውን የራም ቦታ ፎቶና ያልተፈታውን ሲባጎ አስቀምጫለሁ።

ለሰባተኛ ጊዜ ጣርማ በርን አልወጣም። በዚህ ጊዜ እናንተ ውረዱ። ደብረ ሲና ስትደርሱ ቆሎ የሚሸጡትን ሴቶች የሒሳብ አስተማሪዋ ማጥኛ ክፍል የት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ያሳዩአችኋል። ከ11 ሰዓት በኋላ ልጆቹ ስለሚያጠኑ ከዚያ በፊት ኑ።

ከአክብሮት ጋር
የሦስቱ ኮምፒውተሮች ባለቤት
ደብረ ሲና