ለሰብሊዬ

ሰብሊዬ፣

ጠፋሁብሽ አይደል? ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ይቅርታውን እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ ሌላ ነገር ላውራሽ።

አምና ጥቅምት ላይ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ቆሜያለሁ። ድንገት ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ አየር አጠረኝ። በቃ ሞትኩ አልኩ። ጎመን የሚሸጡ አንዲት እናት ጆንያቸው ላይ አስቀምጠው ውሃ አጠጡኝ። ክሊኒክ ስሄድ ልቤም ደህና፣ ደሜም ደህና። ሐኪሟ «ጭንቀት ነው፤ አተነፋፈስሽን ቀስ አድርጊ» ብላ ሸኘችኝ። ተናደድኩ። ያን ሁሉ ብር የከፈልኩት ለዚህ ነው? ስተነፍስ አይደል እንዴ የኖርኩት!

ውሎ አድሮ ግን ገባኝ። አየር ስንስብ ልባችን ትንሽ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ቀስ ይላል። ዘዴው እንግዲህ ማስወጣቱን ማርዘም ነው። እስከ 4 እየቆጠርሽ ትስቢያለሽ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ ታስወጪያለሽ። በደቂቃ 6 ትንፋሽ መሆኑ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። እኔ ያን ቀን ስንት እንደደረስኩ እንጃ።

ሜዲቴሽን የሚባለውንም ሞከርኩ። አፕ ጫንኩ፣ እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ጮኸ። በሦስተኛው ቀን ሳንኮራፋ እማዬ ቀሰቀሰችኝ። «ደግሞ ይሄ የማን ሃይማኖት ነው?» አለችኝና መቁጠሪያዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትል በር ላይ ሆኜ አዳመጥኩ። እያንዳንዷ በአንድ ትንፋሽ ነው የምትወጣው። የሷ ጸሎት ነው፣ የኔ ቆጠራ። አንድ ነው ብል ትገድለኛለች፤ አንድም አይደለም። ግን ከዚያ ወዲህ አፑን አጠፋሁት።

ጆን ካባት-ዚን የሚባል አሜሪካዊ አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው ሰዎች የሜዲቴሽን ሥልጠና የጀመረ ነው። ሥልጠናው ላይ አንዲት ዘቢብ ታይታ፣ ተሽትታ፣ ቀስ ተብሎ ነው የምትበላው። እኔ በገብስ ቆሎ ሞከርኩት። ቆሎ በእፍኝ እንጂ በፍሬ ይበላል እንዴ? አንዷን ምላሴ ላይ ሳቆያት መጀመሪያ ጭስ ጭስ አለች፤ ሳኝካት ቆይታ ጣፈጠች። ሠላሳ ምናምን ዓመት ቆሎ በልቼ ይሄን አላውቅም ነበር።

አሁን ቡና ስቆላ ስልኬን ሌላ ክፍል እተዋለሁ። ቡናው መንጣጣት እስኪጀምር ምጣዱ ላይ ብቻ ነኝ። ሰው ሁሉ ሰላም ታገኛለሽ ሲለኝ ነበር። እኔን የጠበቁኝ ግን እናትሽ ናቸው። ቡናው ሲሸት እሳቸው መጡብኝ፤ «ነይ አሽትቺ» እያሉ ምጣዱን ሲያዞሩልን።

ለቅሷቸው ላይ አልደረስኩም። አንቺ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነሽ ስታለቅሺ፣ እኔ ሁለት ታክሲ ርቀት ላይ ተቀምጬ ነበር። ያን ሳምንት ሥራ ላይ ጣጣ ነበረብኝ፤ ሰበብ ነው። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ከዚያ ማፈር መጣ። ስምሽን ስልኬ ላይ ባየሁ ቁጥር ልቤ ድው ድው።

መገናኛ ላይ የያዝኩት ሰልፍ የኮተቤ ነበር። ለሙት ዓመታቸው ልመጣ። ከክሊኒኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ሄድኩ። በራችሁ ላይ ቆሜ 4 ሳብኩ፣ 6 አስወጣሁ። ልቤ መምታቱን አልተወም፤ እየመታም አንኳኳሁ። እህትሽ ከፈተችልኝ። ትንሽ አየችኝና «ቡና እያፈላሁ ነው፣ ግቢ» አለችኝ። እስከ በረካው ተቀመጥኩ። ብዙም አላወራንም።

እሁድ እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዛ ቀን 8 ሰዓት ነው። እደውልልሻለሁ። ካላነሳሽው ለሚቀጥለው እሁድ እደግማለሁ።

ያንቺዋ