ቡኒዋም ቢራቢሮ ናት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቢራቢሮ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፣ ግን ፎቶዎቹ በሙሉ ባለደማቅ ቀለም ነበሩ እኮ፣ ሳር ውስጥ ዘለል ዘለል እያለች የምትበረዋን፣ በእንግሊዝኛ ስኪፐር የምትባለውን ተራ ቡኒ ቢራቢሮ ማን ያስታውሳት? ብዙ ሰው የእሳት እራት ናት ብሎ ያልፋታል፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሳያት አንቴናዋ ጫፉ ላይ ወፈር ብሎ እንደ መንጠቆ ቆልመም ብሏል፣ ሰውነቷ ደንደን ያለ፣ ስታርፍ ደግሞ የፊት ክንፎቿን ከፍ የኋላዎቹን ዘርጋ አድርጋ ቁርጥ ትንሽ ጄት! በብዙ ዝርያዎች ወንዱ የፊት ክንፉ ላይ ጠቆር ያለ ሰረዝ አለው፣ ሽታ የሚለቅበት ነው። አባጨጓሬዋ የሳር ቅጠል በሐር ክር ጠቅልላ እዛው ተደብቃ ትኖራለች። የስኪፐር ቤተሰብ ዝርያ ከ3,500 በላይ ስለሆነ በአንድ ፎቶ ስም ለመስጠት አትቸኩሉ፣ የክንፏን የታችኛውን ገጽም አንሱት።

አክባሪያችሁ፣ አንድ አንባቢ