የእምነት ቃል

ውድ አባቴ፣

የዓይንዎ ቀዶ ሕክምና በሰላም መጠናቀቁን ከእህቴ ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። ጠብታውን ሰዓቱን ጠብቀው ያድርጉ፣ ደረጃውንም በምሽት ብቻዎን አይውረዱ። ይህን ደብዳቤ ግን ሌላ ሰው እንዳያነብልዎ፤ ራስዎ ማንበብ እስኪችሉ ይቆይ። ልጆቹ ደኅና ናቸው፤ ትንሿ «አያቴ አሁን በየትኛው ዓይኑ ነው የሚያየኝ?» እያለች ትጠይቃለች።

ባለፈው «አሁንም ከወንጀለኞች ጋር ነው የምትውለው?» ብለውኝ ነበር። የምውለው ከወረቀት ጋር ነው። ፎረንሲክ ሳይኮሎጂ፣ ማለትም ለፍትሕ ሥራ የሚውለው የሥነ ልቦና ጥናት፣ በፊልም እንደሚታየው የገዳይን ልብ ማንበብ አይደለም፤ እንደ እኔ ያለ ጀማሪ ተመራማሪ አብዛኛው ጊዜው የሚያልፈው የሥነ ምግባር ኮሚቴን ፈቃድ በመጠበቅ፣ የማረሚያ ቤት ኃላፊዎችን ደጅ በመጥናትና የምርመራ ቃሎችን መስመር በመስመር በመመርመር ነው። ውሌ በሚቀጥለው ዓመት ያበቃል፤ ይህን ለእናቴ አይንገሯት።

የማጠናው ያልፈጸሙትን ጥፋት ፈጽመናል ብለው ቃላቸውን የሚሰጡ ሰዎችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሶል ካሲንና ካትሪን ኪክል ባሳተሙት ሙከራ፣ እንዳይነኩት የተነገራቸውን የኮምፒውተር ቁልፍ ሳይነኩ «ነክታችኋል» ከተባሉት ተማሪዎች 69 በመቶው ጥፋቱን አምነው ፈርመዋል፤ በጥድፊያ ይጽፉ ከነበሩትና «ስትነካ አይቻለሁ» የሚል ሐሰተኛ ምስክር ከቀረበባቸው መካከል ደግሞ ያልፈረመ አልነበረም። ልጆች ከዐዋቂዎች ይልቅ ለእንዲህ ያለው ጫና የተጋለጡ ናቸው። ጠያቂው የሚወዱትም የሚፈሩትም ሰው ሲሆን ምን እንደሚሆን ግን ከጥናት አልተማርሁትም።

የመሳቢያውን ገንዘብ ያስታውሳሉ። ያን ሌሊት «እህትህ አይታሃለች» አሉኝ፤ እሷ ግን ተኝታ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ወሰድሁ አልሁ። የት እንዳኖርሁት ሲጠይቁኝ ቦታ ፈጠርሁልዎት፤ ሄደው ሲያጡት ሌላ ፈጠርሁ። ዛሬ በማነባቸው የምርመራ ቃሎች ውስጥ እንዲህ ያለ የተፈጠረ ዝርዝር ባገኘሁ ቁጥር ሥራዬን አቁሜ ከወንበሬ እነሣለሁ።

ለትምህርቴ የከፈሉትን አልዘነጋሁም፤ አመሰግናለሁ። ቅጣቱንም ቢሆን ትቼዋለሁ። ያልተውሁት ሌላ ነው፦ ገንዘቡን ማን እንደ ወሰደው በኋላ ደርሰውበት እንደ ነበር አጎቴ ነግሮኛል፤ እርስዎ ግን ከዚያም በኋላ በእንግዳ ፊት «ይህ ልጅ እኮ እጀ አመል ነበር» እያሉ ይስቁ ነበር፣ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ዓይንዎ ሲሻል አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ፤ አጎቴ ያለው እውነት ከሆነ፣ ያወቁት መቼ ነበር? በስልክ ከሆነ ሁለታችንም ስለ ልጆቹ እያወራን እንዘጋዋለን።

ልጅዎ