የእድር ደንባችንና ስደተኛ ጎረቤቶቻችን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ስደተኞች በጋዜጦቻችን የሚወጡ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት በጋምቤላ፣ በሶማሌ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በሌሎች ክልሎች ስላሉ መጠለያ ጣቢያዎች ነው። አገራችን ካስጠለለቻቸው ወደ አንድ ሚሊዮን የሚደርሱ ስደተኞች መካከል የሚበዙት በእነዚያ ጣቢያዎች ስለሚኖሩ ትኩረቱ ተገቢ ነው። እንደ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና የካ አባዶ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች በጋራ መኖሪያ ቤቶች ተከራይተው፣ ከእኛው ጋር አንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ፣ ከአንድ ሱቅ በዱቤ እየወሰዱ ስለሚኖሩት ግን እምብዛም አይጻፍም። እኔ በቱሉ ዲምቱ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። የመንግሥትንና የረድኤት ድርጅቶችን ሥራ ለሚመለከታቸው ትቼ፣ በዚህ ደብዳቤ የማነሣው በእኛ በነዋሪዎቹ እጅ ያለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም እድሮቻችን ስደተኛ ጎረቤቶቻቸውን በአባልነት ሊመዘግቡ ይገባል የሚል ነው።

ወደ ሰፈራችን የመጡበትን መንገድ በአጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። ኤርትራውያን ስደተኞች ከመጠለያ ጣቢያ ውጭ እንዲኖሩ የፈቀደው አሠራር የተጀመረው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስደተኛው ራሱን የሚያስተዳድርበት ገቢ ወይም ኃላፊነት የሚወስድለት ዘመድ እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ጦርነት የሕጻጽና የሽመልባ ጣቢያዎች ሲፈርሱ፣ ከዚያ ከሸሹት ብዙዎቹ አዲስ አበባ ገቡ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተቀሰቀሰው ውጊያ ደግሞ ሱዳናውያንን በመተማና በኩርሙክ በኩል አምጥቶ፣ አቅም ያላቸውን እስከ ከተማችን አድርሷቸዋል። የመናውያን፣ ኮንጎዎችና ብሩንዲዎችም በመካከላችን አሉ። የመሐል ከተማው ኪራይ ስለማይቀመስ ዳርቻውን መረጡ፤ ከእኛም መካከል ብዙዎቻችንን እዚህ ያደረሰን ከዚህ የተለየ ምክንያት አይደለም።

የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ፣ እንደ ሌሎች ብዙ እድሮች ደንብ ሁሉ፣ ለአባልነት የሚያመለክት ሰው የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ እንዲያቀርብ ያዛል። ይህ አንቀጽ ሲረቀቅ ስደተኛን ለማግለል የታሰበ አልነበረም፤ አርቃቂዎቹን ያሳሰባቸው ዛሬ ተመዝግቦ ነገ ገንዘብ ተቀብሎ የሚሰወር ሰው ነበር። ስደተኛው ግን ያለው ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት የተሰጠው መታወቂያ ነው። ከቀድሞ ወረዳህ መሸኛ አምጣ ቢባል የቀድሞ መኖሪያው አስመራ ወይም ኦምዱርማን ነው። በዚህም የተነሣ ማንም ሰው «አንቀበልህም» የሚል ቃል ሳይወጣው፣ ሰውዬው በአንዲት አንቀጽ ብቻ ከእድር ውጭ ሆኖ ለዓመታት ይኖራል።

ከእድር ውጭ መሆን ምን እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የስደተኛው ሐዘን ግን ከእኛ ሐዘን የሚለይበት ነገር ስላለው በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ስደተኛው እዚህ ሲሞት ድንኳን የሚተከለውና የመቃብሩ ጉዳይ የሚያልቀው ጓደኞቹ በስልክ ተጠራርተው በሚያዋጡት ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ እስኪሞላም አስከሬኑ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ከዚህ ይልቅ የሚደጋገመው መርዶ ነው። ወንድም በሊቢያ በረሃ ወይም በሜዲትራኒያን ባሕር ይቀራል፤ አባት በአስመራ ያርፋል፤ ካርቱም የቀረች እናት ቤቷ በከባድ መሣሪያ ይመታል። ወሬው በስልክ ይደርሳል፤ የሚታይ አስከሬን፣ የሚሄዱበት ቀብር የለም። ሐዘንተኛዋ በተከራየችው ጠባብ ክፍል ፍራሽ ዘርግታ ትቀመጣለች፤ አከራዩም ለቅሶው ሌላውን ተከራይ እንዳይረብሽ ያሳስባታል። እውነቱን ለመናገር የሰፈራችን ሰው በዚህ አይታማም፤ እናቶች እንጀራና ወጥ ይዘው ይሄዳሉ፣ ቡና ያፈላሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ። ይህ ሁሉ ግን በየሰው ደግነት የሚደረግ ስለሆነ፣ ደጎቹ በሌሉበት ብሎክ የሚያጋጥመው ሐዘንተኛ ብቻውን ይቀራል።

በደግነትና በአባልነት መካከል ያለው ልዩነት በእኔ ግምት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። መዋጮ የሚከፍል፣ በወረፋው ድንኳን የሚተክል፣ በቀረ ጊዜ የሚቀጣ ሰው ሐዘን ሲደርስበት የሚደረግለትን የሚቀበለው እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ መብቱ ነው። በዚህ ሰፈር በቆየሁበት ጊዜ ከስደተኛ ጎረቤቶቼ ብዙ ጊዜ የሰማሁት ቅሬታ የእርዳታ ማነስ አይደለም። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ለቅሶ ሲደርስ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚሸከም ስለማያውቅ በሌላው ሐዘን ላይ ቦታ አጣሁ የሚለው ቅሬታ ይበልጣል። ሰዎቹ ከመጡበት አገር መደጋገፍን ተምረው የመጡ ናቸው፤ የጎደላቸው የሚደጋገፉበት ዝርዝር ውስጥ መግባት ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ከደንባችን ቀድሞ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣውና አገራችን የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነት በ15ኛው አንቀጹ ከፖለቲካና ከትርፍ ውጭ በሆኑ ማኅበራት ረገድ ስደተኞች ለውጭ አገር ዜጎች ከሚሰጠው ሁሉ የተሻለውን አያያዝ እንዲያገኙ ይደነግጋል፤ ከፖለቲካና ከትርፍ ውጭ ለሆነ ማኅበር ከእድር የበለጠ ምሳሌ እኔ አላውቅም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነትም የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ የመሥራትን፣ የመማርን፣ የመዘዋወርንና የባንክ አገልግሎት የማግኘትን መብት ዘርዝሯል። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የስደተኞች ልደት፣ ጋብቻና ሞት እንደ ዜጋው ሁሉ በወሳኝ ኩነት ይመዘገባል፤ በቅርቡም የፋይዳ መታወቂያ ለእነሱ መስጠት ተጀምሯል። እድር ከአመልካቹ የሚፈልገው ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሰነድና በሞተ ጊዜ የሚቀርብ የሞት ማስረጃ ከሆነ፣ ሁለቱም አሉ ማለት ነው።

በአዋጅ የተጻፈው ሁሉ በየመስኮቱ ይፈጸማል ማለቴ አይደለም። ስሙን መጥቀስ በማልፈልገው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የስደተኛ መታወቂያ ይዛ ከቀረበች ጎረቤቴ ጋር ሄጄ፣ ሠራተኛው ወረቀቱን ገልብጦ ካየ በኋላ «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም፤ ኃላፊው ሲመለሱ ኑ» ብሎ ሸኝቶናል። ኃላፊው በተመለሱ ጊዜ ጉዳዩ ወዲያው አለቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሠራተኛው አዋጁን ያነበበለት ሰው ስላልነበረ ነው።

በእድራችን ስብሰባዎች ላይ ይህን ሐሳብ ባነሣሁ ቁጥር የሚቀርቡት ተቃውሞዎች ሊናቁ የሚገባቸው አይደሉም። የመጀመሪያው «ፕሮሰሱ ካለቀለት ይሄዳል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ወደ ሦስተኛ አገር የሚወስዳቸውን ጉዳይ ይጠባበቃሉ። ነገር ግን ፕሮሰስ የሚባለው ነገር ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ሳያልቅ ሲቀር እያየን ነው። ደግሞስ ኪራይ በተጨመረበት ቁጥር ሰፈር የሚለቀው አገሬው ተከራይ መች ከእኛ ጋር ይዘልቃል? ለዚህ ሲባል እድሮቻችን ከምዝገባ በኋላ የተወሰኑ ወራት ሳይሞሉ ገንዘብ የማይከፈልበትን ደንብ አውጥተዋል፤ ለአገሬው የበቃ ጥንቃቄ ለስደተኛውም ይበቃል።

ሁለተኛውና ከባዱ ተቃውሞ «የገዛ ወገናችን ተፈናቅሎ በየመጠለያው እያለ» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ከልባቸው ነው፤ ብዙዎቹም የተፈናቀሉ ዘመዶቻቸውን በአንድ ክፍል ቤት አስጠግተው ይኖራሉ። እንግዲህ የቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ በጦርነት የተቃጠለበት ኢትዮጵያዊ መሸኛ ከየት ያመጣል? እሱንም ከእድር ያስቀረው ያችው አንቀጽ ናት። አንቀጿ ብትሻሻል ተፈናቃዩና ስደተኛው በአንድ ቀን ይመዘገባሉ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም።

ስለ ቤት ኪራይ የሚነሣው ምሬት መሠረት አለው። ደላላው ስደተኛ ባየ ጊዜ ከውጭ ዶላር ይላክለታል ብሎ ዋጋ ይቆልላል፤ ያ ዋጋ ከዚያ በኋላ ለሁላችንም የብሎኩ ዋጋ ይሆናል። ሆኖም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና ያዘዘው እንዲህ ያለውን ለመግታት ነው። ስደተኛው ያልተመዘገበ ውል እንዲፈርም የሚደረገው ለማን እንደሚጮህ ስለማያውቅ ነው፤ እድርተኛ ቢሆን ቢያንስ የእድሩን ዳኛ ይጠይቅ ነበር።

ይህ ጉዳይ ከመሐል ከተማው ይልቅ በዳርቻው ሊሳካ የሚችልበት ምክንያት ያለ ይመስለኛል። አራት ኪሎ፣ ካዛንችስ ወይም ፒያሳ የነበርን ሰዎች ሰፈራችን ሲፈርስ ወይም በዕጣ ቤት ሲደርሰን ወደዚህ የመጣነው አባቶቻችን ያቋቋሟቸውን እድሮች ትተን ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለቅሶ ሲደርስብን ማንን እንደምንጠራ አናውቅም ነበር፤ ድንኳን የምንከራየው ከሩቅ ነበር። መሬታቸውን ለግንባታው የለቀቁት አርሶ አደሮችም በአቅራቢያችን አሉ፤ የእነሱም ነባር ማኅበራዊ ኑሮ ተናግቷል። እዚህ ነባር ነኝ ብሎ ሌላውን የሚያስቀር ነዋሪ ቢፈለግ ከእነሱ በስተቀር ማን ይገኛል? ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ወራት ወገኖቻችን ተከዜን ተሻግረው ሐምዳይትና ኡም ራኩባ ሲደርሱ ሱዳን ከ60 ሺህ በላይ የሚሆኑትን ተቀብላ ነበር፤ ዛሬ በእኛ ብሎክ ያለው ሱዳናዊ በተራው የመጣ ነው።

ስደተኛን ለሥራ መቀበልም ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው፣ ከእልቂት የተረፉ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች፣ ከሙዚቃ መምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ከተማዋ ሲገቡ የተሰጣቸው የነሐስ መሣሪያና ደመወዝ ነበር፤ መምህሩም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ለመድረስ በቃ። ዛሬ በሰፈራችን ስደተኞች ፀጉር ይሠራሉ፣ ስልክ ይጠግናሉ፣ ፉል ያቀርባሉ፤ አብዛኛው ሥራቸው ግን ፈቃድ ስለሌለው ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ይበተናል። ይህን ማስተካከል ከእድር አቅም በላይ ስለሆነ ለሚመለከተው ትቼዋለሁ። በአቅማችን ያለው ቋንቋ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ምሽት ላይ ባዶ የሚውሉ ክፍሎች አሉ፣ በየብሎኩም ጡረታ የወጡ መምህራን አሉ።

ለቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤያችን የማቀርበው ማሻሻያ አጭር ነው። «የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ» ከሚለው ቀጥሎ «ወይም የፋይዳ መታወቂያ፣ ወይም ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት የተሰጠ የጸና መታወቂያ፣ ከሁለት አባላት ምስክርነት ጋር» የሚል ሐረግ ይጨመራል። መዋጮው፣ የመቆያ ጊዜውና ቅጣቱ ለሁሉም አንድ ይሆናል። የመቃብር ቦታን በሚመለከት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቀደም ሲል በእድራችን ስላሉ አዲስ አሠራር አያስፈልግም። ጋዜጣችሁም የአዋጅ ቁጥር 1110/2011ን ዋና ዋና አንቀጾች በቀላል አማርኛ ቢያትምልን፣ ለወረዳ ሠራተኛውም ለእድር ዳኛውም አንድ ላይ ይጠቅማል።

አንድ ያልቋጨነው ነገር አለ። ደንባችን ለአባሉ ቤተሰብ ሞትም ገንዘብ የሚከፍል ሲሆን፣ ሟቹ በኖረበት ወረዳ የተጻፈ ማስረጃ ይጠይቃል፤ በስልክ ብቻ ለደረሰ መርዶ፣ በተለይም አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው፣ ምን ማስረጃ መቀበል እንዳለብን አልተስማማንም። ይህን ጉዳይ አስቀድመው የፈቱ እድሮች ካሉ አሠራራቸውን በዚሁ ገጽ እንዲያካፍሉን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የአንድ እድር ጸሐፊ
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ