ብስክሌታችንን የት እናቁም?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም መሬቷ ሜዳ ስለሆነ ለብስክሌት ትመቻለች። ብርዱንም ቢሆን ፔዳል ሲመቱ ይረሱታል። ችግሩ ማቆሚያው ነው።

ባለፈው ክረምት ለጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ብስክሌት ይዞ መግባት አይቻልም ተባልኩ። አጥሩ ላይ በሰንሰለት አስሬ ገባሁ። ስወጣ ብስክሌቱ የለም፤ የተቆረጠው ሰንሰለት መሬት ላይ ወድቋል። በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ የምመላለሰው በባጃጅ ነው።

ቶኪዮ ውስጥ ከመሬት በታች 11 ሜትር ያህል የሚወርድ ማቆሚያ አለ። ብስክሌቱን በሩ ላይ ሲያቆሙት ማሽኑ ራሱ ተቀብሎ ይዞት ይወርዳል። አንዱ ጉድጓድ 204 ብስክሌት ይይዛል። በካርድ ሲጠይቁት በ13 ሴኮንድ ገደማ ይመልሳል። የኔዘርላንዷ ዩትሬክት ደግሞ ባቡር ጣቢያዋ ሥር 12,500 ብስክሌት የሚይዝ ማቆሚያ በ2019 እ.ኤ.አ. አጠናቃለች።

እኛ ማሽን አልጠየቅንም። መናኸሪያው፣ ገበያውና ዩኒቨርሲቲው አጠገብ መሬት ውስጥ የተተከለ ብረት፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ አንድ ጥበቃ ይበቃናል። ብረቱን የከተማችን በያጆች ይሠሩታል። ጥበቃውን የተደራጁ ወጣቶች በትንሽ ክፍያ ሊይዙት ይችላሉ፤ ለመኪና እንደሚደረገው ማለት ነው። አዲስ በሚሠሩ መንገዶች ላይም ለብስክሌት መስመር ይተውልን። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ከባድ ነው።

ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ብስክሌት ግዛልኝ ትለኛለች። ልገዛላት እፈልጋለሁ፤ የት እንደምታቆመው ግን እስካሁን መልስ የለኝም።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን