አቤቱታው ወደ መዲና

ውድ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔም ቤተሰቤም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አዳማም እንደምታውቃት ናት፤ ሙቀቷ ያው ነው፣ ባጃጁ ግን መንገድ አላሳልፍ ብሎናል። ሌላውን ወሬ ለሌላ ቀን ላቆየውና ዓመታት ሙሉ መልስ ሳልሰጥህ ወደ ቀረሁት ጉዳይ ልግባ። በመጨረሻው ደብዳቤህ፣ ሱፊ ማለት ዓለምን ንቆ፣ ሙስበሓውን (መቁጠሪያውን) እየቆጠረ፣ ገዢውን ከነግፉ ለአላህ ትቶ የሚኖር ሰው ስለሆነ ከእርሱ ተቃውሞ አይጠበቅም ብለኸኝ ነበር። ይህ አባባልህ ሲከነክነኝ ኖሯል። ግማሹ እውነት መሆኑን አልክድም፤ ሌላው ግማሽ ግን አንተው ልጅ ሳለህ በአያትህ ቤት ስትሰማው ያደግኸው ነገር ነው።

አንተ ሁልጊዜ ከምታነሣው ከሐላጅ ልጀምር። ሱፊው ሑሰይን ኢብን መንሱር አል-ሐላጅ እ.ኤ.አ. በ922 ባግዳድ ውስጥ ተገርፎ፣ እጅና እግሩ ተቆርጦ፣ ተሰቅሎ፣ በመጨረሻም አንገቱ ተቀልቶ ሬሳው ከተቃጠለ በኋላ አመዱ ጤግሮስ ወንዝ ውስጥ ተበተነ። ሰው ሁሉ የሞቱን ምክንያት «አነል ሐቅ» (እኔ እውነቱ ነኝ) ማለቱ ብቻ አድርጎ ያወራል። ለሞት ፍርዱ የተያዘበት ክስ ግን ሌላ ነበር፤ ሐጅ ለመሄድ አቅም ያነሰው ሰው በገዛ ቤቱ ንጹሕ ስፍራ አዘጋጅቶ፣ ሥርዓቱን ፈጽሞ፣ የቲሞችን (ወላጅ አልባዎችን) ሰብስቦ ቢያበላና ቢያለብስ ግዴታውን እንደተወጣ ይቆጠርለታል የሚል ጽሑፍ ተገኘበት። ይህ ጽሑፍ በዘመኑ ሹማምንት ጆሮ እንዴት እንደተሰማ አስበው። ከተማዋ በእህል ውድነት በምትታመስበት፣ ዋናው ሚኒስትር ሓሚድ ኢብን አል-ዐባስም በእህል ንግድ በሚታማበት ዘመን፣ አንድ ሰው ገበያ መሐል ቆሞ ድኻው ከነድህነቱ ከአላህ ጋር ያለ አማላጅ መገናኘት ይችላል ይላል። እ.ኤ.አ. በ910 ያረፈው ታላቁ የባግዳድ ሱፊ ጁነይድ ስለ ፈና፣ ማለትም ራስን በአላህ ውስጥ ስለ ማጥፋት፣ የጻፈው ከሐላጅ ንግግር በጥልቀት የሚያንስ አልነበረም፤ ነገር ግን ጁነይድ የሚጽፈው ለሚያውቁት ነበር፣ ቃሉንም ላልተገባው ሰው እንዳይገለጥ አድርጎ ይሸፍነው ነበር። በእኔ ግምት ሁለቱን የለያቸው የእምነት ልዩነት ሳይሆን ገበያው ነው፤ አንዱ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሌላው አደባባይ አወጣው።

ስለ ራቢዐ አል-ዐደዊያ ብዙ አልልህም፣ ታሪኳን ካንተ ነው የሰማሁት። እ.ኤ.አ. በ801 ገደማ በባስራ ከተማ ያረፈችው ይህች ሱፊ ሴት በአንድ እጇ እሳት በሌላው ውኃ ይዛ፣ ሰዎች አላህን ለእርሱነቱ ብቻ እንዲያመልኩት ገነትን ላቃጥል ጀሀነምንም ላጥፋ እያለች በመንገድ ሄደች ይባላል። አንተ ይህን የፍቅር ታሪክ ነው ትለኝ ነበር። ፍቅርስ ፍቅር ነው፤ ዳሩ ግን ሕዝቡን በጀሀነም እያስፈራራ፣ በገነት እያባበለ የሚገዛ ሹም ቢኖር፣ ይህች ሴት ሁለቱንም መሣሪያ ከእጁ ነጥቃዋለች።

ወደ ግጥሙ ስመጣ ግን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የቋንቋው ምርጫ ነው። በዛሬዋ ቱርክ ምድር የኖረው ሱፊ ገጣሚ ዩኑስ ኤምሬ ሊቃውንቱ በዐረብኛና በፋርስኛ በሚጽፉበት አገር በገበሬው ቱርክኛ ገጠመ። ቡልሄ ሻህ ደግሞ በፑንጃብኛ ገጠመ፤ እርሱ ከነቢዩ ዘር ነን ከሚሉ ሰይዶች ተወልዶ ሳለ አትክልተኛ ከሚባል ዝቅ ተደርጎ ከሚታይ ወገን የመጣ ሰውን ሸህ ብሎ በመከተሉ ዘመዶቹ አፍረውበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1757 ሲሞትም ሙላዎቹ በመቃብር ቦታቸው እንዳይቀበር ከልክለው ነበር ይባላል። ዛሬ በፓኪስታኗ ካሱር ከተማ ውስጥ ሰው የሚጎርፈው ወደ እርሱ ቀብር ነው።

የእኛውን ወሎን ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ባዘዙ ጊዜ፣ ባላባቶቹ ሹመታቸውን ለማትረፍ ተጠመቁ፤ መሐመድ ዐሊ የተባሉት ባላባትም ራስ ሚካኤል ሆኑ። ከሕዝቡ የተሰደደው ተሰደደ፣ ያመፀውም አመፀ። ሸህ ጠልሐ ኢብን ጃዕፈር ከአመፁ መሪዎች አንዱ ነበሩ፤ እኒሁ ሰው ናቸው በዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል፣ የአማርኛ መንዙማ (በዜማ የሚባል የነቢዩ ውዳሴ) የጻፉት። ዐረብኛውን አሳምረው የሚያውቁ ዐሊም አማርኛን የመረጡት እረኛውም ውኃ ቀጂዋም በቃሏ እንድትይዘው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተጻፈ ወረቀት ይቃጠላል፣ ሴትዮዋ በጉሮሮዋ ይዛው የምትሄደውን ግን የትኛው ወታደር ይፈትሻል?

በዚህ ቦታ ሰምና ወርቅ እንዳነሣ የጠበቅኸኝ ከሆነ አላነሣም፤ ሁሉም ነገር ሰምና ወርቅ ሲባል ሰልችቶኛል፣ መንዙማውም ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ነገር የለውም። የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። በአገራችን የተበደለ ሰው ንጉሡ ደጅ ቆሞ «አቤት!» ይላል። መንዙማው ይኸንኑ አቤቱታ ይዞ የንጉሡን ደጅ ሳይረግጥ ያልፍና በቀጥታ መዲና ይገባል፤ «ያ ረሱለላህ» ብሎ ረሀቡን፣ ግብሩን፣ ስደቱን ለነቢዩ ይዘረዝራል። ወደ ነቢዩ የተጮኸን አቤቱታ ማን በምን ሕግ ይከሰዋል? ግን ደግሞ አልፈውት መሄዳቸው ራሱ ለንጉሡ የሚነግረው ነገር አለ።

በቅርቡ አንድ ሐሙስ ማታ እዚሁ አዳማ፣ ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ቤት ሐድራ (የዚክርና የመንዙማ ጉባኤ) ተጠርቼ ነበር። ቡናው እየተፈላ አንድ ወጣት የድቤውን ቆዳ ከከሰሉ ምድጃ በላይ ይዞ ያሞቃል፤ በጣቱ ጫፍ መታ ያደርግና ድምፁ ሲደነዝዝበት እንደገና ወደ እሳቱ ያስጠጋዋል። መሪው ሰላዋት አውርዶ ውዳሴውን ሲጨርስ ስለ ድርቅና ስለ ግፍ ወደሚናገረው ክፍል ገባ፤ ያን ጊዜ ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው ድቤውን አስቆሙት። ተቀባዮቹ በጭብጨባ ብቻ ተቀበሉ። ለምን እንዳስቆሙት ብጠይቃቸው «ስሞታ ሲሰማ ቃሉ ይለይ እንጂ» አሉኝ። ያንተን «ዝም ያለ ሱፊ» ያን ሌሊት ፈልጌ አጣሁት። በባሌ ወዳለው የድሬ ሸህ ሑሴን መካነ ቀብር የሚሄዱት ባለ መንታ በትር ተጓዦችም በዚህ ከተማ በኩል ሲያልፉ የሚያዜሙት የኦሮምኛው ባሕሮ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፤ ቋንቋውን በደንብ ስለማልሰማ ግን ብዙ ለመናገር አልደፍርም።

አሁን ወደ አንተ እውነት ልምጣ። አማላጅ አያስፈልግም ብለው በተነሡ ሰዎች ቀብር ላይ አማላጅ ነን ባዮች ተቀምጠዋል፤ ከራማው (የወሊዮቹ ጸጋ) እንደ ርስት ይወረሳል፣ ስለቱም ይሰበሰባል። ይባስ ብሎ መንግሥት ራሱ ሱፊነትን የወደደበት ዘመን አየን። በ2004 ዓ.ም. ባለሥልጣናት «ነባሩ እስልምና» እያሉ ከሊባኖስ የመጣውን የአሕባሽን ማኅበር ትምህርት ከላይ ወደ ታች ለማውረድ በሞከሩ ጊዜ፣ የሱፊ ስም በገዢው እጅ ነበር፣ አደባባይ የወጣው ደግሞ ሌላው ነበር፤ ከተቃዋሚዎቹም ብዙዎቹ መንዙማን ቢድዓ (በሃይማኖቱ ያልነበረ ፈጠራ) የሚሉ ነበሩ። ያም ሆኖ መፈክራቸውን አስተውለኸዋል? «ድምፃችን ይሰማ» ነው ያሉት። መንዙማውን የማይወዱት ልጆች የመንዙማውን አቤቱታ ነው የጮኹት፤ ልዩነቱ እነርሱ ንጉሡ ደጅ ላይ መቆማቸው ነው። የትኛው እንደሚሻል እኔ አልቆረጥኩም፤ አንተ ግን የቆረጥህ ስለምትመስለኝ መልስህን እጠብቃለሁ።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። የአያትህ የዐጀም ደፍተር አሁንም እናትህ ሣጥን ውስጥ ካለ፣ እባክህ ገጽ በገጽ በስልክህ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ሰባቱን የአማርኛ አናባቢ በሦስት የዐረብኛ ምልክት ለመያዝ እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱን ዘዴ ስለሚፈጥር ንባቡ እንደሚያስቸግረኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከላይ ያነሣኋቸው ሽማግሌ ግጥሞቹን በቃላቸው ስለሚያውቁ፣ እርሳቸው እያዜሙ እኔ በጣቴ እየተከተልሁ መስመሩን እናገኘዋለን። ኅዳጉን እንዳትቆርጠው፤ የአዝማቹ ምልክት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እዚያ ነው። እናትህን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ።

ወንድምህ፣ ከአዳማ